ሰውን ሳያሳቅቁ መስጠት፦ ከወሎ የተማርኩት አሠራር

ነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ሲደርስ እኛም እንደ ብዙው ሰው ቤታችንን ዘግተን ወጣን። መርሳን፣ ውርጌሳን፣ ውጫሌን፣ ሐይቅን አልፈን ደሴ ገባን። ማንንም አናውቅም። አንዲት እናት በራቸው ላይ ቆመው አዩንና «ግቡ፣ ግቡ» አሉን። እሳቸው ሙስሊም ናቸው፣ እኛ ክርስቲያኖች። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነበር።

እኛ በድካሙ ጾሙን ረስተነዋል። እሳቸው አልረሱትም። ቅቤ ያልነካው ድስት ከክርስቲያን ጎረቤት ተውሰው ሽሮ በዘይት ሠርተው አቀረቡልን። በማግሥቱ ጠዋት ጀበናውን እጄ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ቡናውን አንቺ አፍዪልን፣ እኔ ዛሬ ጉልበቴን አሞኛል» አሉኝ። ጉልበታቸው ደህና እንደነበር የገባኝ ከሳምንት በኋላ ነው። የደሴን ዳገት ከእኔ ቀድመው ሲወጡ አየኋቸው። ለካ ሥራ የሰጡኝ እንግድነቱ እንዳይከብደኝ ነው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። መስጠት ሙያ አለው። ወጥ መሥራት ሙያ እንዳለው ሁሉ። ይህን ሙያ እኔ ያየሁት ከተቀባይ ወገን ሆኜ ነው። ስለዚህ ከዚያ ወገን የሚታየውን ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

ከመጀመራችን በፊት፦ ለሰጪው ምን ይጠቅመዋል?

ስለ ጽድቁ የሃይማኖት አባቶች ይናገራሉ። እኔ በዚህ ምድር ስላለው ጥቅም ብቻ ልበል።

እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ የካናዳ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለ46 ሰዎች ጠዋት 5 ወይም 20 ዶላር ሰጡ። ከፊሎቹን «ለራሳችሁ አውሉት» አሏቸው። የቀሩትን «ለሌላ ሰው አውሉት» አሏቸው። ማታ ሲጠየቁ ለሌላ ሰው ያወጡት የበለጠ ደስ ብሏቸው ተገኙ። ገንዘቡ 5 ሆነ 20 ለውጥ አላመጣም። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም በሉ። በ5 ዶላርም በ20 ዶላርም ደስታው እኩል ከሆነ፣ «ሲኖረኝ እሰጣለሁ» የምንለው ነገር ምክንያት አይሆንም ማለት ነው።

ሌላው እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ነው። አሜሪካ ውስጥ 423 ጥንድ አዛውንት ባልና ሚስቶችን ለ5 ዓመት ተከታተሉ። ሌላውን ሰው ይረዱ የነበሩት በእነዚያ ዓመታት የመሞት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ሆነ። ዕድሜያቸውና ጤናቸው ግምት ውስጥ ገብቶም ማለት ነው። እርዳታ በመቀበል ግን ያ ልዩነት አልታየም።

ይህን ሁለተኛውን ጥናት በደንብ ያዙልኝ። ጥቅሙ ያለው በመስጠት በኩል ከሆነ፣ የምንረዳውን ሰው ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ አድርገን ማስቀመጥ ትልቁን ነገር መንፈግ ነው። እማማ ጀበናውን ሲሰጡኝ ጥናት አላነበቡም። ግን ያውቁታል።

1. ሦስት በር ምረጡ

«ለሰው ሁሉ ደግ እሆናለሁ» ያለ ሰው በሳምንቱ ይረሳዋል። ሦስት ቤት ምረጡ። በእግር ከ5 ደቂቃ በላይ የማያስኬድ ቢሆን ይሻላል፤ ሩቅ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ትቀራላችሁ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። አንደኛው ልጆቿ ዓረብ አገር የሄዱባት እናት ቤት። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት የሌለበት ሰፈር ማግኘት ይከብዳል። ሁለተኛው አራስ ያለችበት ወይም ሰው የታመመበት ቤት። ሦስተኛው ተማሪ ያለበት ቤት፣ በተለይ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ።

ቀጥሎ እጃችሁ ላይ ያለውን ቁጠሩ። ገንዘቡን ለጊዜው ተዉት። ስልክ መነካካት ትችላላችሁ? ለዚያች እናት ኢሞ ከፍቶ ከልጇ ጋር ፊት ለፊት ማገናኘት ከአንድ ኪሎ ስኳር ይበልጥባታል። ከዚያ ወጣ በሉ። ለብቻቸው ይጫወቱ። ጉልበት አላችሁ? ውሃ በመጣ ቀን ጀሪካን መሙላት አለ። ማንበብና መጻፍ ትችላላችሁ? ከገጠር ሕመምተኛ ይዞ መጥቶ ሆስፒታል በር ላይ ግራ የተጋባ ሰው አይታጣም። ካርድ ክፍል ድረስ አብሮ መሄድ 10 ደቂቃ አይፈጅም። ለሰውየው ግን የዚያን ቀን ትልቁ ነገር ነው።

2. ቀን ቁረጡ

አዲስ ልማድ ብቻውን አይቆምም። ካለ ልማድ ጋር እሰሩት። ባቲ አካባቢ ከሆናችሁ ሰኞ ገበያ ስትሄዱ ለጎረቤትም ሸምቱ። ወፍጮ ቤት የምትሄዱበት ቀን፣ ጁምዓ፣ ቅዳሴ የምትሰሙበት እሑድ፣ ሁሉም ይሆናል። የእኔ ቀን ቅዳሜ ነው፤ ቡና አፍልቼ የምጠራበት ቀን ስለሆነ።

አንድ ቀን የሚለውን ዝም ብዬ አላመጣሁትም። በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ ለ6 ሳምንት የተሠራ ሙከራ ነበር። በሳምንት 5 መልካም ነገር እንዲሠሩ ተነገራቸው። አምስቱን በአንድ ቀን የሠሩት ደስታቸው ከፍ አለ። በሳምንቱ ውስጥ የበታተኑት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ጥቃቅን ነገር ሲበታተን ለራስ እንኳ አይታወቅም መሰለኝ።

ቡናውን ግን አትናቁት። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል አንድ ሰዓት ተኩል ይሄዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የማን ልጅ እንደታመመ፣ ማን ሥራ እንደፈታ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ ይታወቃል። ማንን መርዳት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ረከቦቱ ነው። በዚያ ላይ እዚህ አገር ቡና ያለ ምርቃት አይጠጣም። የሚመርቁት አዛውንት ባዶ እጃቸውን ይመጣሉ፤ ሰጥተው ነው የሚሄዱት።

3. አሰጣጡ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ። ብዙው የሚበላሸው እዚህ ነው።

የወሎ ስም ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ ጋር አብሮ ሲነሳ ኖሯል። የዚያን ጊዜ ፎቶዎች ዓለምን ዞረዋል። እጅ ዘርግቶ መታየት ምን እንደሆነ ይህ ሕዝብ ያውቃል። ለዚህ ነው የተቸገረ ጎረቤታችሁ «ምን ልርዳሽ?» ስትሏት «አልሐምዱሊላህ፣ ምን ጎድሎኝ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብላ የምትዘጋው። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ተዉት። በምትኩ ያለቀለት ነገር ይዛችሁ ሂዱ። «ወፍጮ ቤት እየሄድኩ ነው፣ ያንቺንም ልውሰደው?» በሉ። «አህያ ተከራይቻለሁ፣ ግማሽ ጭነት ባዶ ነው» በሉ። እንዲህ ሲባል እምቢ ማለትም እሺ ማለትም ቀላል ነው።

ምግብ ስትሰጡ «ተርፎኝ ነው» አትበሉ። ብዙዎቻችን ትሕትና መስሎን እንለዋለን። የሚቀበለው ሰው ግን ትራፊ ብሎ ይሰማዋል። «ቅመሺልኝ፣ ጨው በዝቶበት እንደሆነ ንገሪኝ» ይሻላል። ዳኛ አደረጋችኋት። በእኛ አገር ቋንቋ ደግሞ «ጀባ» የምትል ቃል አለች። ቡናም ይሁን ሌላ ነገር በሁለት እጅ ይዞ «ጀባ» ማለት ነው። ይህች ቃል ሰጪውን ዝቅ ታደርገዋለች፣ ተቀባዩን ከፍ። ተጠቀሙባት።

ገንዘብ ከሆነ ከእጅ ወደ እጅ ባይሆን ጥሩ ነው። እኔ የማውቀው የተሻለ መንገድ የሰፈሩ ሱቅ ነው። ባለ ሱቁ የዱቤ ደብተር አለው። አንድ ቀን ሰው በሌለበት ሰዓት ግቡና «የእገሌን ቤት ዱቤ ስንት ደረሰ?» በሉት። የአቅማችሁን ክፈሉ። ሙሉውን መክፈል ግድ አይደለም። ባለ ሱቁን አንድ ነገር ብቻ አደራ በሉት፤ ማን እንደከፈለ እንዳይናገር። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለው ነገር በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ይሰበካል።

ልጆች ላይ በጣም ተጠንቀቁ። ደብተርና እስክሪብቶ ለተማሪ የሚሰጠው ቤቱ ነው፣ ለእናቱ። ክፍል ውስጥ ስሙ ተጠርቶ የተሰጠው ልጅ ደብተሩን ሲያወጣ ዓመቱን ሙሉ ይሳቀቃል።

ፎቶ አታንሱ። ደሴ ሳለን አንድ ቡድን ብስኩትና ሳሙና ሊያድል መጣ። ስሙ ይቅር። አሰለፉንና «ወደዚህ እዩ» አሉን። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበችው። «ገለጥ አድርጊው እናቴ» አላት ካሜራ የያዘው ልጅ። ክፋት አልነበረውም። ግን እናቴ ያን ሳሙና ሳትፈታው ቀረች። መዝገብ የሚያስፈልግበት ሥራ ካለ ዕቃውን አንሱ፣ ፊርማ አስፈርሙ። ፊትን ተዉት።

የመጨረሻው የሳህኑ ነገር ነው። ለጎረቤት ምግብ ስትወስዱ በፌስታል ወይም በሚጣል ዕቃ አትውሰዱ። በራሳችሁ ሳህን ውሰዱና ትታችሁት ኑ። የጎረቤት ሳህን ባዶውን አይመለስም። ሁለት ሎሚ፣ አንድ እፍኝ ቆሎ፣ ከጓሮ የተቀነጠሰ ጤናዳም ይዞ ይመጣል። ያን ቆሎ «ምን አስቸገረሽ» ብላችሁ አትመልሱት። ቁጭ ብላችሁ ብሉት። ያ ሳህን ሲመለስ ነው የመስጠቱ ጥቅም ለእሷም የደረሳት።

4. የጎረቤታችሁን ገበታ እወቁ

ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሙስሊምና ክርስቲያን ዘመድ መኖሩ ያለ ነገር ነው። ፍቅሩ ግን ዕውቀት ይፈልጋል። ሳያውቁ የሚወስዱት ምግብ ሰውየውን እንዳይበላውም እንዳይመልሰውም አድርጎ ያስጨንቀዋል።

ሥጋ ነክ ነገር ወደ ሌላው ሃይማኖት ቤት አይሄድም። እርዱ ይለያያል። የግድ ዶሮ መስጠት ከፈለጋችሁ ከነሕይወቷ ስጡ። ለሠርግ ወይም ለሰደቃ ስትጠሩ የሌላውን ወገን በግ ራሳቸው እንዲያርዱት አስቀድማችሁ አስረክቡ፤ ድስቱም፣ ቢላውም፣ ወጥ ሠሪዋም ይለዩ። ይህ እዚህ የቆየ ወግ ነው፣ ማንም ቅር አይለውም።

ክርስቲያን ጎረቤት ጋ ረቡዕና ዓርብ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል አትውሰዱ። ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ መቼ እንደሚገባ ጠይቁ። ረመዷን ላይ ደግሞ ለሙስሊም ጎረቤት ቀን ምግብ ይዞ መሄድ አይሆንም። ከመግሪብ፣ ማለትም ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ሶላት፣ ግማሽ ሰዓት በፊት አድርሱ። ቴምር፣ ሾርባ፣ ያለ ሥጋ የተሠራ ሳምቡሳ። ለማፍጠር የሚቸኩል ሰው በር ላይ አታቁሙት፤ አቀብላችሁ ተመለሱ።

በማንኛውም ቀን ለማንም ቤት የማያስቸግሩ ነገሮችም አሉ። ቡና፣ ስኳር፣ ጥራጥሬ፣ ፍራፍሬ፣ የጾም ዳቦ። ካላወቃችሁ ከእነዚህ አትውጡ።

5. ለቅሶ ቤት በ15ኛው ቀን ሂዱ

ሌላ ቦታ ዕድር የሚባለው እኛ ጋ ቅሬ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው ድንኳኑን ይተክላል፣ ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ውሃና እንጨት ያቀርባል። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰው አይጎድልም። ቤቱ ሙሉ ነው።

ድንኳኑ የሚነሳበት ቀን ነው ከባዱ። ወንበሩ ይመለሳል፣ ሰዉ ወደየሥራው ይሄዳል፣ ቤቱ ጭር ይላል። ስለዚህ ቀኑን ቁጠሩና በ15ኛው ቀን ሂዱ። ስልካችሁ ላይ ምልክት አድርጉት። ስትገቡ «አይዞሽ፣ አብሽሪ» ብላችሁ ወዲያው ሌላ ወሬ አታምጡ። የሟቹን ስም ጥሩ። «እሱ እኮ እንዲህ አድርጎልኝ ነበር» ብላችሁ አንድ እውነተኛ ነገር ተናገሩ። ሐዘንተኛዋ ብታለቅስም አትደንግጡ፤ ሰው ስሙን ለመጥራት ፈርቶ ሁለት ሳምንት ሙሉ ዝም ብሏታል። ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን ዕቃ እጠቡ።

ገጠር ከሆናችሁ ጅጌው አለ፣ ሌላ ቦታ ደቦ የሚባለው። ባሏ የሞተባት ወይም የታመመ ገበሬ ማሳ ላይ ለአጨዳ ስትወጡ አንድ ነገር አስቡበት። ጅጌ የጠራ ሰው ማብላት ማጠጣት አለበት። ለእሷ ያ ራሱ ዕዳ ነው። ምሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ግን እሷም ቡናውን ታፍላ። ሙሉ በሙሉ አትከልክሏት።

6. መንገድ ላይ

ደሴ ፒያሳ ላይ ወይም ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ደጃፍ ለሚለምን ሰው ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ይነሳል። እኔ ጠዋት ከቤት ስወጣ የቀኑን ዝርዝር ብር በአንድ ኪስ ለይቼ እይዛለሁ። እሱ እስኪያልቅ እሰጣለሁ፤ ይህ ይገባዋል፣ ያ አይገባውም እያልኩ አልመረምርም። ካለቀ በኋላ «እግዜር ይስጥህ»፣ «አላህ ይስጥሽ» እላለሁ። ፊቴን አዙሬ ግን አልልም። ቆም ብዬ፣ ዓይን ዓይኑን አይቼ ነው። ይህቺን ሞክሯት። ባዶ እጅ ሆኖም ሰውን እንደ ሰው ማየት እንደሚቻል ያኔ ይገባችኋል።

7. ልክ ይኑረው

ብድር የጠየቀ ሰው ሲመጣ ለራሳችሁ ወስኑ። ወይ ስጦታ ነው፣ ወይ ብድር ነው። ስጦታ ከሆነ «አትመልሰው» በሉት፣ ያንኑ ሰዓት። ብድር ከሆነ ቀን ቁረጡለት። በመሃል የቀረ ገንዘብ ነው ስንቱን ወዳጅ መንገድ ያስለወጠው። ከልጆቻችሁ ጉሮሮ ነጥቃችሁ አትስጡ። የደከማችሁ ሳምንት ካለ ሦስቱን በር ወደ አንድ አውርዱት። ወደ ዜሮ አታውርዱት፤ መመለሱ ይከብዳል።

«ይቺ ምን ትረዳለች» ብላችሁም አትቅሩ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ላይ፣ ቺካጎ በረዶ ላይ ሊንሸራተቱ ለመጡ ሰዎች ትኩስ ቸኮሌት የሚጠጣ ነገር ተሰጥቷቸው ለማያውቁት ሰው እንዲያድሉ ተደረገ። ሰጪዎቹ ተቀባዩ ምን ያህል ደስ እንደሚለው ሲጠየቁ አሳንሰው ገመቱ። ተቀባዮቹ ከተገመተው በላይ ደስ ብሏቸዋል። ሰጪው የሚያስበው ስለ ዕቃው ትንሽነት ነው። ተቀባዩ የሚያስበው «አስታወሰኝ» ብሎ ነው።

8. መቀበልንም ልመዱ

ይህ ለብዙዎቻችን ከሁሉም ይከብዳል። ጎረቤት ጀሪካናችሁን ልሸከም ሲላችሁ «ኧረ አይገባም፣ ኧረ በሞቴ» እያላችሁ መንገድ ላይ አትታገሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «አይ» በሉ፣ ለወጉ። ሁለተኛ ሲጠየቅ እሺ በሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ወይም «ጀዛከላህ» ብላችሁ ልቀቁለት።

እኔ ይህን የተማርኩት በግድ ነው። ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴም ሲደርስ ከእማማ ጋር በር ዘግተን ተቀመጥን። በዚያ ጊዜ ሰጪና ተቀባይ የሚባል ነገር ጠፋ። እሳቸው ዱቄት ነበራቸው፣ እኔ እጅ ነበረኝ፣ እናቴ ልጆቹን ታጫውት ነበር። ማታ ማታ በአንድ ክፍል እሳቸው ዱዓ ያደርጋሉ፣ እናቴ ዳዊቷን ትደግማለች።

ወልድያ ልንመለስ ስንነሳ በሳህን ሙሉ ዳቦ ቆሎ አስያዙኝ። «ሳህኑን ትመልሻለሽ» አሉኝ ኮስተር ብለው። መለስኩት፣ ሽሮ ሞልቼ። እሳቸው ደግሞ በርበሬ ሞልተው ላኩት። እንዲህ እየተባለ ያ ሳህን በወልድያና በደሴ መንገድ ስንቴ እንደተመላለሰ አልቆጠርኩትም። ጠርዙ አንድ ቦታ ላይ ተሸርፏል። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው። ቅዳሜ ወደ ደሴ የሚሄድ ሰው አግኝቻለሁ፤ ዛሬ ማታ ሽምብራውን እዘፈዝፋለሁ።